ለስድስት ላም ሴንሰር ያለው የአንገት ቀበቶ ያዋጣል ወይ?

የዳሞቷ፦

ሰላም እንዴት ሰነበታችሁ። የምጽፈው ከፍኖተ ሰላም ነው። ጥያቄዬ አጭር ነው፣ ወሬዬ ግን ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

ስድስት ላሞች አሉኝ። አራቱ ይታለባሉ። አንዷ ለመውለድ ስለተቃረበች ማለብ አቁመናል፣ አንዷ ገና ጊደር ናት። ሁሉም የተዳቀሉ ናቸው። ግጦሽ አይወጡም፣ ግቢ ውስጥ ታስረው ነው የሚውሉት። ደሾ አጭድላቸዋለሁ፣ የበቆሎ አገዳ አለ፣ ፋጉሎና ፉርሽካ እገዛለሁ። ጎረቤታችን ጠላ ስለምትጠምቅ አተላው የእኛ ነው።

ጥር ላይ ለአጎቴ ተዝካር ብቸና ሄጄ ሦስት ሌሊት አደርኩ። ላሞቹን ያልብ የነበረው አብሮን የሚሠራው ልጅ ነው። በሁለተኛው ቀን ደወለና «ማሬ ረገጠችኝ፣ ወተቱንም ደፋችው» አለኝ። እኔ ድንኳን ውስጥ እንግዳ እያስተናገድኩ ነበር። «እግሯን አጥብቀህ እሰራት» ብዬ ዘጋሁት።

ማሬ እኔ ቤት በቆየችበት አራት ዓመት ሰው ረግጣ አታውቅም። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ ልጁ አያውቅም፤ ከመጣ ገና ሁለት ወሩ ነው። ያን ጊዜ ግን አልመጣልኝም።

ስመለስ የኋላ ግራ ጡቷ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ስነካው እጄን ያቃጥለኛል። ሳልባት መጀመሪያ ውሃ የመሰለ ነገር ወጣ፣ ከዚያ እንደ አይብ የረጋ። ሐኪም የመጣው በማግስቱ ነው። መርፌ ወጋት፣ በጡቷ ቀዳዳ መድኃኒት አስገባላት፣ ወተቱን ለቀናት ደፋን። ጡቷ ግን ነጠፈ። ማሬ አሁን ባለ ሦስት ጡት ናት። 14 ሊትር ትሰጥ የነበረችው ዛሬ 10 ከሰጠች ተመስገን ነው።

ወንድሜ ሆላንድ አገር የወተት ላም እርባታ ውስጥ ይሠራል። የማሬን ነገር ስነግረው «እዚህ እኮ ላሟ ከመታመሟ በፊት ስልክ ላይ መልእክት ይመጣል» አለኝ። ቪዲዮ ላከልኝ። እያንዳንዷ ላም አንገቷ ላይ ቀበቶ አላት፣ ቀበቶው ላይ ትንሽ ሳጥን አለ። ላሟ በራሷ እግር ሄዳ ማለቢያው ሮቦት ውስጥ ትገባለች፣ የሚነዳት ሰው የለም። እማዬ ይህን ስታይ አማተበች።

አሁን ወንድሜ፣ እርባታው አዲስ ሲያስገባ ያወጣቸውን ሁለት ቀበቶዎች ልላክልሽ ይላል። እውነት ለመናገር ልቤ ሸፍቷል። ግን መብራት በየቀኑ ይጠፋል፣ ኔትወርኩንም ታውቁታላችሁ። እዚህ ይሠራል? ማሬ ላይ ቢኖር ኖሮ ይነግረኝ ነበር? የተጠቀመ ሰው ካለ እባካችሁ። እማዬማ «ለላም ስልክ ልታስሪላት ነው?» እያለች ለጎረቤት ሁሉ አውርታብኛለች።

የከብት ሐኪም (ዳንግላ)፦

እህቴ፣ ለማሬ አዝኛለሁ። እንዲህ ያለ ጡት በሳምንት ስንት ጊዜ እንደማይ ብነግርሽ አትገረሚም።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ተአምር አይደለም። ስልክሽን ስታጋድሚው ስክሪኑ አብሮ ይዞራል አይደል? እሱን የሚያዞረው ዓይነት የእንቅስቃሴ መለኪያ ነው። ላም ስትበላ፣ ስታመነዥክና ስትራመድ የአንገቷ አነቃነቅ ይለያያል። መሣሪያው ያንን እየለየ ደቂቃ ይቆጥራል። ጤነኛ የወተት ላም በቀን ከ7 እስከ 8 ሰዓት ያህል ታመነዥካለች። ዛሬ ከለመደችው ጎላ ብሎ ሲቀንስ «ይህችን ላም እያት» የሚል መልእክት ይመጣል። ብዙ ጊዜ ወተቱ ከመጉደሉ በፊት ማመንዠኳ ስለሚቀንስ፣ ወንድምሽ «ከመታመሟ በፊት» ያለው ከዚህ የተነሳ ነው። ታማለች እኮ፣ እኛ ነን ያላየነው።

ግን ቀበቶው ታማለች እንጂ በምን እንደታመመች አይልም። ኮርማ ስትፈልግም፣ ልትወልድ ስትልም፣ መኖ ሲቀየርባትም ማመንዠኳ ይቀንሳል። ያኔ ቴርሞሜትር ይዞ የሚመጣ ሰው ያስፈልጋል።

ማሬን ይይዛት ነበር ወይ ላልሽው፦ ትኩሳት ይዟት መብላት ቀንሳ ከነበረ ምናልባት አዎ። ሕመሙ ጡቷ ላይ ብቻ ከነበረ ግን ላሟ እየበላችና እያመነዠከች ጡቷ ሊበላሽ ይችላል። አንገት ላይ ያለ ነገር ጡት አያይም። ወንድምሽ ጋ ያለው ሮቦት የሚያየው በሌላ መንገድ ነው። የአራቱን ጡት ወተት ለየብቻ ይለካል። ጡት ሲቆጣ ከደም ውስጥ ጨው ወደ ወተቱ ይገባል፣ ጨው የበዛበት ወተት ደግሞ ኤሌክትሪክ የበለጠ ያስተላልፋል። ሮቦቱ አንዱን ጡት ከሌሎቹ ሦስት ጋር እያስተያየ ነው የሚያውቀው። የታመመ ጡት ወተት ጨው ጨው የሚለውም ለዚህ ነው። (አትቅመሱት! የሚቀምሱ ሰዎች ስላጋጠሙኝ ነው።)

ሌላም አለ፣ ላሟ የምትውጠው። እንደ ትልቅ ክኒን ያለ ነገር ነው፤ ሆዷ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሙቀቷን ይለካል። ውሃ ስትጠጣ ሙቀቱ ድንገት ስለሚወርድ ስንት ጊዜ እንደጠጣችም ያውቃል። ትኩሳትን በመያዝ እሱ ከቀበቶው ይሻላል።

አንቺ ግን የምታልቢው በእጅሽ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ዛሬ ማታ ልትሠሪው የምትችይው ነገር አለ። የዱቄት ሳሙና አለሽ? አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 30 ግራም በጥብጪ፤ በሾርባ ማንኪያ ሁለት ገደማ ነው። ከእያንዳንዱ ጡት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጭምቂያዎች ድፊና ከዚያ በኋላ የሚወጣውን በአራት ትንንሽ ዕቃ ለየብቻ ተቀበይ። በወተቱ ልክ የሳሙናውን ውሃ ጨምሪና ቀስ እያልሽ አሽከርክሪው። ጤነኛው ወተት እንደ ውሃ ይዞራል። የታመመው ይወፍራል፣ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። በዓይን ምንም የማይታይበትን በሽታ ያሳይሻል። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ፣ አራት ጎድጓዳ ያለው መሞከሪያና ፈሳሽም አለ፤ እሱ የተሻለ ነው፣ ዘዴው ግን አንድ ነው። በቅርብ የወለደችና ልትነጥፍ የደረሰች ላም ጤነኛም ሆና ሊወፍርባት ስለሚችል እነሱ ላይ አትደንግጪ።

ባለ 18ቱ፦

ተጠቅሜበታለሁ። ባሕር ዳር አካባቢ ነኝ፣ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ሆኖኛል።

መጀመሪያ ወንድምሽ ገንዘቡን እንዳያባክን። ቀበቶው ብቻውን ፕላስቲክ ነው። የሚልከውን የሚቀበል ሌላ ዕቃ ጣሪያ ላይ ይሰቀላል። እሱ ከኢንተርኔት ጋር ይያያዛል፣ ከዚያ በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈልበት አገልግሎት አለ። እርባታው የጣላቸው ቀበቶዎች በእርባታው ስም የተመዘገቡ ናቸው። እሱን ሳያስፈታ ቢልክልሽ ለላሟ ጌጥ ከመሆን አያልፍም። ባትሪውም ስንት ዓመት እንደሠራ ይጠይቅ፤ የብዙዎቹ ባትሪ አይቀየርም።

መብራቱን በትንሽ ሶላር ተገላግያለሁ። ኔትወርኩ ነው የማይገፋው። የእኔዎቹ አንድ ቀን ያህል መረጃ ይዘው ይቆያሉ፣ ሲገናኙ ይልካሉ። ለሰዓታት ቢጠፋ ችግር የለውም። ክልሉ ውስጥ ኢንተርኔት ለወራት የተዘጋ ጊዜ ግን መረጃው የሚሰላው ውጭ አገር ስለሆነ ቀበቶው አንገት ላይ እየሠራ እኔ ምንም አላይም። ላሞቼን እንደ ድሮው እየዞርኩ ማየት ጀመርኩ። ብታምኑኝም ባታምኑኝም ዓይኔ ሰንፎ ነበር።

የሚጠቅመውን ልንገርሽ። አንዷ ላሜ ወለደች፣ እንግዴ ልጁም በሰዓቱ ወጣ። ትበላለች፣ ትቆማለች፣ ጥጃዋን ትልሳለች። ከወለደች በስድስተኛው ቀን መልእክት መጣ፤ ማመንዠኳ ከወለደች ጀምሮ መጨመር ሲገባው ወደታች ሄዷል። ሄጄ አየኋት፣ ምንም የላትም። ሠራተኛውም ሳቀ። ለማንኛውም ብዬ ሙቀቷን ስለካው 39.8 ዲግሪ። ጤነኛ ላም ከ39.3 አታልፍም። በማግስቱ ጠዋት ከኋላዋ የሚሸት ፈሳሽ መጣ፣ ማሕፀኗ ተመርዞ ኖሯል። ሐኪሙን ግን ማታውኑ ጠርቼው ስለነበር ተረፈች።

ያሳፈረኝም አለ። አንድ ሰሞን ድርቆሽ አለቀብኝና አተላና ፉርሽካ አበዛሁ። በሁለተኛው ቀን ስልኬ አበደ። አሥራ ስምንቱም ላሞች ቀይ! መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ አጠፋሁት። ሁለት ቀን ቆይቶ እበታቸው ቀጠነ። የተበላሸው መሣሪያው አልነበረም፣ ሆዳቸው ነበር። ላም የምታመነዥከው ሻካራ መኖ ሲኖር ነው፤ ለስላሳ ብቻ ከሰጠሻት ምኑን ታመንዥክ?

ወጪውን የመለሰልኝ በሽታውም አይደለም፣ ኮርማ ፍለጋው ነው። ላም በ21 ቀን አንዴ ነው የምትፈልገው፣ ያውም ብዙዎቹ ሌሊት። እኔ ተኝቼ ስንቱ አልፎኝ ኖሯል! አሁን መልእክቱ ሲመጣ በጠዋት አዳቃዩን እደውልለታለሁ። እሑድ ከሆነ ግን አያነሳም፤ እሱን ቀበቶውም አላስተካከለውም።

ለስድስት ላም? እኔ ብሆን አላስገባም። ሃያ ስትደርሺ እንነጋገር።

አባ ዳማ፦

እኔ ስልኩን አላውቅበትም፣ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ደምበጫ ነን።

ልጄ፣ አትቀየሚኝና ማሬ ነግራሽ ነበር። አራት ዓመት ያልረገጠች ላም ከረገጠች ምን ትበልሽ? ቀበቶውም ቢኖር ድንኳን ውስጥ ሆነሽ መልእክቱን ትዘጊው ነበር።

ላም የሚታየው ማለዳ ነው። አፍንጫዋ ላይ ጤዛ አለ ወይ? ከደረቀ ትኩሳት ሊኖራት ይችላል። ጆሮዋን ከሥሩ ያዢው፣ በጣም ከቀዘቀዘም ከጋለም ደግ አይደለም። ጠጉሯ ቆሟል ወይስ ተኝቷል? እበቷን በእንጨት ገልጠሽ እይው። ደግሞ ሐኪሙ ስለ ማመንዠክ የተናገረው እውነት ነው፣ እኛም በዚያ ነው የምናውቅ። አንዱን ጉርሻ ኸሆዷ መልሳ ወደ አፏ ስታመጣው ጉሮሮዋ ላይ ሲወጣ ይታይሻል። ኸዚያ ጀምረሽ እስክትውጠው ቁጠሪ። ሃምሳ ስልሳ ጊዜ ታኝካለች። ሠላሳ ላይ ከዋጠችው አንድ ነገር አለባት።

የልጅ ልጄ ደግሞ አንድ ነገር ካልጻፍኩ ብሎ ይኸው ይነዘንዘኛል። እሺ ጻፈው። መስከረም ላይ አንድ በሬዬ እርጥብ ማገጥ ጠግቦ መጥቶ ሌሊት ሆዱ ተነፍቶ አደረ። በረቱ ኸመኝታዬ አሥር እርምጃ አይሞላም። አልሰማሁም። ማለዳ ስወጣ እግሩን ዘርግቶ አገኘሁት። ለሌሊቱ የሚሆን ነገር ካላችሁ እኔም እገዛለሁ ይላል አባቴ ብለህ ጻፍ።

የዳሞቷ፦

አባባ፣ አልተቀየምኩም። እኔም ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነው፣ ከሰው አፍ ሲወጣ ብቻ ይመራል።

ትናንት ማታ አለባ ላይ ሞከርኩት። አራት ትንንሽ ዕቃ ሲባል ቤት ውስጥ ያለው የእማዬ ሲኒ ነው። እሷ ሠርክ ጸሎት ሄዳለች ብዬ አራቱን አወጣሁ። ልጁ ባትሪ ያበራል፣ እኔ አልባለሁ። ዶክተር እንዳልከው የመጀመሪያውን ደፋሁ፣ ከዚያ በየሲኒው ሁለት ሁለት ጣት ወተት፣ በላዩ የሳሙናውን ውሃ።

መጀመሪያ ማሬን። ሦስቱም ጡቶቿ እንደ ውሃ ዞሩ። ደስ አለኝ። ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም ደህና ናቸው። ሻሺቱ ጋ ስደርስ ልተወው ብዬ ነበር። ከሁሉም ብዙ የምትሰጠኝ እሷ ናት፣ ጡቷ ለስላሳ ነው፣ ወተቷም ነጭ ነው። ለማንኛውም አልኩ። የፊት ቀኙ ሲኒ ሲዞር መሐሉ ላይ ተሰበሰበ። ሲኒውን ሳዘነብለው ወተቱ እንደ እንቁላል ነጭ ተያይዞ ወረደ። ልጁ «እትዬ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ ያው።

ማመንዠኳን ደግሞ ቆጠርኩ። 56፣ 61፣ 54። ትበላለች፣ ታመነዥካለች፣ ጤዛውም አፍንጫዋ ላይ አለ። ቀበቶ አስሬላት ቢሆን ደህና ናት ይለኝ ነበር ማለት ነው?

አሁን ሻሺቱን ምን ላድርጋት? ከወለደች አራት ወሯ ነው። መርፌ ልግዛ?

የከብት ሐኪም (ዳንግላ)፦

አዎ፣ ቀበቶው ደህና ናት ይልሽ ነበር።

መርፌ ከሱቅ ገዝተሽ አትውጊ። የትኛው ተሕዋስ እንደሆነ ሳይታወቅ መድኃኒት መስጠት ነው የኋላ ኋላ መድኃኒቱ አልሠራም የሚያሰኘው። አካባቢሽ ያለው ሐኪም በንጹሕ ብልቃጥ ናሙና ወስዶ ባሕር ዳር ወዳለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ማስላክ ይችል እንደሆነ ጠይቂው።

እስከዚያው ሻሺቱን መጨረሻ ላይ እለቧት፣ የታመመውን ጡት ደግሞ ከመጨረሻም መጨረሻ። ይህ ዓይነቱ በብዛት የሚተላለፈው በአላቢው እጅና ጡት በሚጠረግበት ጨርቅ ነው። ለአራት ላም አንድ ጨርቅ ነው የምትጠቀሙት? ከሆነ ዛሬውኑ ይቅር፣ ለየራሳቸው ይሁን። እጃችሁን በየላሟ መካከል በሳሙና ታጠቡ። ከታለበች በኋላ ጡቷን ሐኪሙ በሚሰጥሽ ተሕዋስ የሚገድል ፈሳሽ ውስጥ ንከሪ፤ መኖም ወዲያው አቅርቢላት፣ የጡቷ ቀዳዳ እስኪዘጋ ቆማ እንድትቆይ። የዚያን ጡት ወተት ለሰውም ለጥጃም አትስጪ። ፈተናውን በየሁለት ሳምንቱ ድገሚው።

ባለ 18ቱ፦

ያንን የሲኒ ነገር እኔም ዛሬ ማታ እሞክረዋለሁ። አሥራ ስምንት ላም በአራት ጡት 72 ሲኒ ነው፣ እግዜር ይርዳኝ።

የዳሞቷ፦

አንድ ጨርቅ ነው። እንዴት አወቅክ ዶክተር? እሱም የእማዬ የድሮ ነጠላ ቅዳጅ ነው። ዛሬ አራት ቀድጄ በየላሟ ሚስማር ላይ ሰቀልኩ። ልጁም ላሟ ከወትሮዋ ውጭ የሆነ ነገር ካደረገች ጽፎ የሚያስቀምጥበት ደብተር ገዛሁለት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ሻሺቱ አስነጠሰች» ብሎ ጽፏል።

ለወንድሜ ቀበቶው ይቅር፣ በምትኩ ያንን ባለ አራት ጎድጓዳ መሞከሪያና ጥሩ ቴርሞሜትር ላክልኝ አልኩት። ትንሽ ቅር ብሎታል። አስረድቼዋለሁ፣ ሃያ ላም ስደርስ አዲሱን ከነጣሪያው ዕቃ ይገዛልኛል።

እማዬ የሲኒውን ነገር ከልጁ አፍ ሰማች። አራቱንም ለላሞቹ መርቃ ሰጥታኛለች፣ ከአሁን ወዲያ ቡና አልጠጣበትም ብላ። ወንድሜ ሊልክ ያሰበው ዕቃ ውስጥ ስድስት ሲኒ ተጨምሮበታል።